የቀጠነ ድራፍት በግፊት አይወፍርም

ቤታቸው ውስጥ የድራፍት መቅጃ ለተከሉ ሰዎች ታስቦ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን እዚህ ሐዋሳ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር አንብቤዋለሁ። ጉዳዩ ቢራው ከመቅጃው ቀጥኖና ተጎትቶ ሲወርድ ምን ማድረግ ይገባል የሚል ነው። የጸሐፊው ምክር ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ድራፍት የሚቀጥነው ግፊት ሲያንስ ስለሆነ መጀመሪያ የሬጉሌተሩን (ከጋዝ ሲሊንደሩ የሚወጣውን ግፊት የሚመጥነውን መሣሪያ) ብሎን አጥብቁ፤ የሲሊንደሩ ጌጅ (የግፊት ማሳያው) ከፍ ብሎ ከታየ ጋዝ አለና ወደዚያ አትመለሱ፤ ትክክለኛው ግፊት 12 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነው፤ አሁንም ካልፈጠነ ቱቦውን ቆርጣችሁ አሳጥሩ ወይም በሰፊ ቱቦ ለውጡ፤ ቱቦውን የሚያቆሽሸው የከተማችን ውሃ ስለሆነ በረኪናና አቼቶ በፈላ ውሃ አሳልፉበት፤ ፍሪጁን እስከ መጨረሻው አቀዝቅዙ፤ አረፋ ከበዛ መቅጃውን በግማሽ ክፈቱ፤ ጋዝ ካለቀ ደግሞ ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ አየር አስሞሉ።

ጸሐፊው ሰውን ለመጥቀም ብለው እንደጻፉ አልጠራጠርም፤ አንዳንዱ ምክራቸውም በቦታው ልክ ነው። ጽሑፉ ከመነሻው የተሳሳተው ግን ምልክቱን ከበሽታው ጋር አንድ በማድረጉ ነው። ቢራ ቀጥኖ ሲወርድ ግፊት አንሶ ሊሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከሲሊንደሩ የወጣው ግፊት በቂ ሆኖ ሳለ እስከ ብርጭቆው ባለው መንገድ አንድ ቦታ ላይ ተይዟል። የተያዘበት ቦታ ሳይታወቅ የሚጨመር ግፊት ችግሩን ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ አያስወግደውም። የሆቴልና የቤት ድራፍት ማሽን መጠገን የዘወትር ሥራዬ ስለሆነና በእንዲህ ዓይነት ምክር የተነካካ ማሽን መጨረሻው እኔ ዘንድ ስለሚመጣ፣ ነጥቦቹን በየተራ ማየቱን መርጫለሁ።

ግፊት ጨምሩ ከሚለው ልጀምር። ቢራውን ከበርሜሉ አውጥቶ ብርጭቆ ውስጥ የሚያደርሰው በበርሜሉ ውስጥ ባለው ግፊትና በውጭው አየር ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ይህ ልዩነት በመንገዱ ላይ ቀስ በቀስ ይበላል፤ ከፊሉን የቱቦው ግድግዳ፣ ከፊሉን ቢራው ወደ ላይ የሚወጣበት ከፍታ፣ የቀረውን መቅጃው ይወስደዋል። በአግባቡ የተሠራ መስመር ማለት ቢራው መቅጃው ጋ ሲደርስ ጉልበቱን ጨርሶ በሰከንድ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ግማሽ ሊትሩን በ8 ሰከንድ አካባቢ፣ ረግቶ የሚያወርድ መስመር ነው። እንግዲህ ብሎኑን አጥብቀን ግፊቱን ከ1 ባር ወደ 1.7 ባር (ባርም እንደ ፒኤስአይ የግፊት መለኪያ ነው) ብናደርሰው በመጀመሪያው ምሽት ቢራው በርግጥ ይፈጥናል፤ ጸሐፊውም ሌላውም ሰው በምክሩ የሚተማመነው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ነገር ግን ከሲሊንደሩ የሚመጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢራውን ከላይ ገፍቶ ብቻ የሚቀር ጋዝ አይደለም፤ ቢራው ውስጥ ይሟሟል፤ የሚሟሟው መጠንም ከጠቅላላ ግፊቱ ጋር አብሮ ያድጋል። በሐዋሳ ከፍታ ከ1 ባር ወደ 1.7 ባር መሄድ በቢራው ውስጥ የሚሟሟውን ጋዝ ከሲሶ በላይ ይጨምረዋል። ይህ በአንድ ሌሊት አይሆንም፤ ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ ቅዳሜ የተጠበቀው ብሎን ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ላይ አረፋ ሆኖ ይወጣል፤ አረፋው ደግሞ ቱቦውን ስለሚሞላው ቢራው ተመልሶ ይቀጥናል። ያን ጊዜ ጽሑፉን ያነበበ ሰው ብሎኑን እንደገና ያጠብቃል።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር መተው ይገባል። በርሜሉ ለአንድ ድግስ የተከፈተና በዚያው ምሽት የሚያልቅ ከሆነ ጋዙ ለመሟሟት ጊዜ ስለማያገኝ ትንሽ ግፊት መጨመር ጉዳት የለውም። ምክሩ ጉዳት የሚያመጣው አንዱን በርሜል ሁለትና ሦስት ሳምንት እያቆየ ማታ ማታ አንድ ሁለት ብርጭቆ ለሚቀዳ ሰው ነው፤ ጽሑፉ የተጻፈውም ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነበር።

ታዲያ ግፊቱ የት እንደተያዘ በምን ይታወቃል? በጽሑፉ ውስጥ ጨርሶ ያላገኘሁት፣ ለእኔ ግን የሥራው ሁሉ መጀመሪያ የሆነው ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱን ለማግኘትም ብርጭቆና ዓይን እንጂ መሣሪያ አያስፈልግም። መቅጃው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሦስት ብርጭቆ ሳይቋረጥ በተከታታይ ይቀዳል፤ በዚህ ጊዜ የሬጉሌተሩን የዝቅተኛ ግፊት ጌጅ እያዩ መቆየት ነው። ቢራው ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ቀጭን ከሆነና የጌጁ መርፌ ካልተነቃነቀ፣ ችግሩ በቢራው በኩል ነው፤ ማለትም በበርሜሉ አናት ላይ ባለው ማገናኛ፣ በቱቦው ወይም በመቅጃው ውስጥ። ቢራው በደንብ ጀምሮ እየቆየ ከቀጠነ፣ ጥቂት ሲያርፍ ደግሞ መልሶ ከፈጠነ፣ ችግሩ በጋዙ በኩል ነው። በዚህ ጊዜ መርፌው ሲቀዳ አብሮ የሚወርድ ከሆነ ጋዙ ሬጉሌተሩ ላይ ከመድረሱ በፊት ወይም እዚያው ሬጉሌተሩ ውስጥ ታፍኗል፤ ሲሊንደሩ ሊያልቅ ደርሷል፣ ቫልቩ በሩብ ዙር ብቻ ተከፍቷል፣ ወይም የሬጉሌተሩ ማጣሪያ ተደፍኗል። መርፌው ቀጥ ብሎ ቆሞ ቢራው ብቻ ከደከመ ግን ጋዙ የተያዘው ከጌጁ በኋላ፣ ወደ በርሜሉ በሚሄደው የጋዝ ጎማ ወይም ጋዙ ወደኋላ እንዳይመለስ በሚከላከለው ትንሽ ቫልቭ ላይ ነው።

በታቦር ተራራ ግርጌ ባለ አንድ ግቢ የልጅ ምርቃት ተደግሶ፣ እንግዳው ብርጭቆ ይዞ ተሰልፎ ሳለ ተጠርቼ ሄድኩ። ባለቤቱ ገና በሩ ላይ ተቀብሎ፣ «ጋሼ፣ ጋዙ ትናንት ነው የተሞላው፤ ማሽኑ ነው የተበላሸው» አለኝ። ሬጉሌተሩ ከ2 ባር በላይ ደርሷል። ጥቂት ካሳረፍነው በኋላ የመጀመሪያው ብርጭቆ ሲቀዳ ቢራው በኃይል ወረደ፤ ሁለተኛው ተጎተተ፤ ሦስተኛው እንደ ክር ቀጠነ፤ የጌጁ መርፌ ግን በዚህ ሁሉ መሐል አልተነቃነቀም። የምርቃት ኬኩ ተቆርጦ፣ ተጨብጭቦ፣ ፎቶ ተነሥቶ እስኪያበቃ ድረስ መቅጃውን ማንም አልነካውም ነበርና ከዚያ በኋላ ስንከፍተው ቢራው እንደገና ፈጠነ። ፍሪጁን ከግድግዳው ሳብ ስናደርገው የጋዙ ጎማ ከኋላ ተጣጥፎ ተጨፍልቋል፤ ለአስተናጋጆች ቦታ ለማስለቀቅ ፍሪጁን ወደ ግድግዳው ሲገፉት የተያዘ ነው። በጎማው ላይ የታጠፈበት ቦታ እንደ ጠባሳ ነጭ መስመር ሠርቶ ነበር። ያንን ቁራጭ አውጥተን፣ ጎማውን በፋሸታ መልሰን አሠርንና ሬጉሌተሩን ወደ 1 ባር አወረድነው። ብሎኑን 3 ባር ድረስ ቢያጠብቁት እንኳ በዚያ እጥፋት ውስጥ የሚያልፈው ጋዝ ለተሰለፈው እንግዳ አይበቃም ነበር።

ችግሩ በቢራው በኩል መሆኑ ሲታወቅም ፍለጋው ከበርሜሉ ወደ መቅጃው በቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ የሚታየው በበርሜሉ አናት ላይ ያለው ማገናኛ ነው፤ እጀታው እስከ መጨረሻው ካልወረደ የቢራውን መውጫ በግማሽ ብቻ ይከፍታል። ጎሚኒው ካበጠ ወይም የበርሜሉ ክዳን ፕላስቲክ ተቆርጦ ውስጥ ከቀረ ውጤቱ ያው ነው። ቀጥሎ ጋዙ ይዘጋል፤ ግፊቱ ይለቀቃል፤ መቅጃው ከቱቦው ይፈታና የቱቦው ጫፍ ባልዲ ውስጥ ተደርጎ ጋዙ በቀስታ ይከፈታል። ቢራው ያን ጊዜ በደንብ ከፈሰሰ ጥፋቱ የመቅጃው ነው፤ ካልፈሰሰ ወደ ቱቦውና ወደ ማገናኛው መመለስ ነው። በዚህ ሁሉ መሐል ግን የበርሜሉን የውስጥ ቧንቧ ለመፍታት መሞከር ፈጽሞ አይገባም፤ ግፊት ያለበት በርሜል ያንን ብረት እንደ ጥይት ይተፋዋል። ይህ የፋብሪካው ባለሙያ ሥራ ነው።

የሲሊንደሩ ጌጅ ከፍ ካለ ጋዝ አለ የሚለው ሁለተኛው ነጥብ ደግሞ የብዙዎች ስሕተት ስለሆነ ጸሐፊውን ብቻ አልወቅስም። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብዛኛው ፈሳሽ ነው። ከፈሳሹ ጠብታ እስካለ ድረስ ከላይ ያለው ግፊት የሚወሰነው በሙቀቱ እንጂ በመጠኑ አይደለም፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 57 ባር ገደማ፣ በ5 ዲግሪ ደግሞ 40 ባር ገደማ ነው። ስለዚህ ሙሉ ሲሊንደርና ሊያልቅ አንድ ቀን የቀረው ሲሊንደር በጌጁ ላይ አንድ ዓይነት ንባብ ይሰጣሉ። ፈሳሹ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው መርፌው መውረድ የሚጀምረው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የቀረው ጋዝ ትንሽ ነው። ትክክለኛው መለኪያ ሚዛን ነው። የባዶ ሲሊንደሩ ክብደት በአንገቱ አካባቢ ተቀርጿል፤ ሲሊንደሩን መዝኖ ያንን መቀነስ የቀረውን ጋዝ ይነግራል። አብሮ መታወቅ ያለበት ሌላም ቁጥር አለ። 50 ሊትር ቢራን በ1 ባር ገፍቶ ለመጨረስ የሚያስፈልገው ጋዝ በቀዝቃዛ በርሜል ከ200 ግራም አይበልጥም፤ ስለዚህ 5 ኪሎ ጋዝ ከሃያ በላይ ትልልቅ በርሜሎችን ማውጣት ይችላል። በሁለት በሦስት በርሜል ሲሊንደሩ ባዶ የሚሆንበት ሰው ጋዙን እየጠጣ ያለው ቢራው ሳይሆን አንድ የላላ ዳዶ ነውና የሳሙና አረፋ ይዞ ግጥሚያዎቹን በሙሉ መፈተሽ አለበት።

12 ፒኤስአይ የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ መገመት ይቻላል፤ በውጭ አገር የቢራ ሠንጠረዦች ላይ 3 ዲግሪ ለቀዘቀዘ የተለመደ ቢራ የሚሰጠው ግፊት ነው፤ 0.83 ባር ማለት ነው። ነገር ግን እነዚያ ሠንጠረዦች የተሠሩት በባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊትም እዚህ 0.82 ባር ያህል ነው፤ በባሕር ዳርቻ ካለው 1.01 ባር ጋር ሲተያይ 0.19 ባር ይጎድለዋል። ጌጁ የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው፤ ቢራው ጋዙን የሚይዘው ግን በጠቅላላ ግፊቱ ነው። ስለዚህ ያንን የሠንጠረዥ ቁጥር እዚህ ለመጠቀም የጎደለውን መመለስ፣ ማለትም ጌጁን 15 ፒኤስአይ ወይም 1 ባር አካባቢ ማድረስ ያስፈልጋል። በከፍታ የሐዋሳ እኩያ በሆነችው አዳማም ሂሳቡ ያው ነው፤ ለአዲስ አበባ ደግሞ ጭማሪው ወደ 0.25 ባር ይጠጋል። በ12 ፒኤስአይ የተቀመጠ በርሜል በፋብሪካ የተሰጠውን ጋዝ መያዝ ስለሚያቅተው ጋዙ ቱቦው ውስጥ በአረፋ መልክ ይወጣል፤ ቢራው እየተቆራረጠ፣ እየተፋና እየቀጠነ ይወርዳል። እንግዲህ ጸሐፊው በአንድ በኩል ግፊት ጨምሩ እያሉ በሌላ በኩል ለከተማችን የማይበቃ ግፊት መስጠታቸው ነው። እዚህ ላይ ጭማሪው ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ግን ቢራውን ማፍጠን ሳይሆን ጋዙን በቢራው ውስጥ ማቆየት ነው፤ መጠኑም የታወቀ እንጂ ቢራው እስኪፈጥን ድረስ የሚጠበቅ ብሎን አይደለም።

ቱቦውን ቁረጡ የሚለው ምክር ውሃ አያነሣም። ትናንት በደንብ ሲቀዳ የነበረ ማሽን ዛሬ ከቀጠነ ቱቦው በአንድ ሌሊት አልረዘመም። የውስጥ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የቢራ ቱቦ በ1 ባር ግፊት ከ2 እስከ 3 ሜትር ርዝመት ያስፈልገዋል፤ ያ ርዝመት የተሰጠው የቢራውን ጉልበት እንዲያበርድ ነው። 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ያንኑ ሥራ እንዲሠራ ከተፈለገ ከ10 ሜትር በላይ መርዘም ይኖርበታል። በገበያ ላይ ሰፊ ተብሎ የሚገዛው ቱቦ ብዙ ጊዜ ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበት ግልጽ ጎማ መሆኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ለምግብና ለመጠጥ የተሠራ ስላልሆነ ሽታው ቢራው ውስጥ ይገባል። ምክሩ የሚሠራው ማሽኑ ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ቀጥኖ ለሚቀዳ ሰው ነው። ለምሳሌ በርሜሉ ምድር ቤት፣ መቅጃው ፎቅ ላይ ከሆነ እያንዳንዱ ሜትር ከፍታ 0.1 ባር ያህል ስለሚበላ ሦስት ሜትር የሚወጣ ቢራ ከ1 ባር ሲሶውን በመውጣት ብቻ ይጨርሳል። እንዲህ ላለው ቤት ሰፋ ያለ ቱቦ መምረጥ ትክክለኛ መፍትሔ ነው።

አሁን ወደ በረኪናውና ወደ አቼቶው ልምጣ፤ ከሁሉ ያስደነገጠኝ ይህ ነውና። በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። እንደ አቼቶ ካለ አሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ በወታደሮች ላይ የተለቀቀው ያው ጋዝ ነው። በተዘጋ ወጥ ቤት ውስጥ በፈላ ውሃ አድርጎ ሁለቱን ማስከተል ሳንባን አደጋ ላይ ይጥላል። ጋዙን ትተን የጽዳቱን ውጤት ብቻ ብናይ እንኳ በረኪናው ማይዝግ የሚባለውን ብረት በጊዜ ብዛት ይበሳዋል፣ ሽታው በቱቦው ፕላስቲክ ውስጥ ይቀራል፣ ቱቦውን ያጠበበውን ነገር ግን አያሟሟውም። የፈላ ውሃውም ቱቦውን አለስልሶ ቅርጹን ያበላሻል።

ቱቦውን የሚያጠብበው በከተማው ውሃ ሳቢያ የመጣ ነገር አይደለም፤ ቱቦው ሲታጠብ ካልሆነ በቀር ከከተማው ውሃ ጋር አይገናኝም። የሚጋገረው ከቢራው ከራሱ ነው። ከብቅሉ የሚመጣው ኦክሳሌት ከካልሲየም ጋር ተጣምሮ፣ ፕሮቲኑንም ይዞ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ በዚያ ላይ እርሾና ባክቴሪያ ይደራረባሉ። ውፍረቱ ለዓይን የማይሞላ ሊሆን ይችላል፤ ጉዳቱ ግን ትልቅ ነው። 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ቱቦ ግድግዳ ላይ ዙሪያውን ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢጋገርበት በዚያው ግፊት የሚወርደው ቢራ ወደ ግማሽ ይጠጋል፤ የቱቦው መቋቋም ስፋቱ በጠበበ መጠን እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ስለሚያድግ ነው። በሳምንታት ውስጥ ማንም ልብ ሳይለው ቀስ በቀስ የቀጠነ ድራፍት ካለ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ለዚህ የሚሠራው የቢራ መስመር የሚታጠብበት የተለመደ አሠራር ነው፤ እርሱም አልካሊና አሲድ በየራሳቸው ቀን ነው። በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ከመቶ ኮስቲክ ሶዳ፣ ማለትም በአንድ ሊትር ውሃ 20 ግራም፣ ከ27 እስከ 43 ዲግሪ በሆነ ለብ ያለ ውሃ ተበጥብጦ ቱቦው ውስጥ በፓምፕ ለ15 ደቂቃ ይዘዋወራል፤ ፓምፕ የሌለው ሰው ቱቦውን ሞልቶ 20 ደቂቃ ያቆየዋል። ሶዳው ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ ሶዳው አይጨመርም፤ ጓንትና የዓይን መነጽር ሳይደረግም አይነካም። ከዚያ ቱቦው በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቃል፤ የሚወጣው ውሃም እንደገባው ንጹሕ መሆኑ በፒኤች ወረቀት (አሲድና አልካሊን በቀለም በሚለይ ወረቀት) ይረጋገጣል። ድንጋይ የሆነውን ክምችት የሚያነሣው ለቢራ መስመር የተዘጋጀ የአሲድ ማጽጃ ሲሆን በየሦስት ወሩ ይበቃል። መቅጃው ግን በማሳለፍ ብቻ አይጸዳም፤ ተፈትቶ በብሩሽ መታጠብ አለበት። በጽዳቱ ጊዜ ማገናኛው ከበርሜሉ ላይ መነሣቱን መርሳት ደግሞ ኮስቲክ ሶዳ ወደ ቢራው መስደድ ስለሆነ መጀመሪያ የሚደረገው እርሱ ነው።

ፍሪጁን እስከ መጨረሻው ማቀዝቀዝ የሚለው ምክር ግማሹ ልክ ነው። ሞቅ ያለ ቢራ ጋዙን ስለሚለቅ አረፋ ይሆናል፤ ኮብልስቶን ላይ በባጃጅ ተንገጫግጮ በቀትር ፀሐይ የመጣ ሙሉ በርሜልም ከውስጥ እስኪቀዘቅዝ ድረስ በቤት ፍሪጅ ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ ይፈልጋል። በርሜሉ ከውጭ ሲዳሰስ ቀዝቃዛ መሆኑ መሐሉም ቀዝቅዟል ማለት አይደለም። መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋም ያው ነው፤ ያን ቀን የቀጠነ ድራፍት ቅዝቃዜው እስኪመለስ ይተዋል እንጂ አይጠገንም። ነገር ግን የሚፈለገው 3 ወይም 4 ዲግሪ ነው። 5 ከመቶ አልኮል ያለው ቢራ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ አካባቢ መቀዝቀዙን አልፎ በረዶ መሥራት ይጀምራል፤ ቀድሞ የሚረጋውም በርሜሉ ሳይሆን የፍሪጁን የኋላ ግድግዳ የነካው ቀጭን ቱቦ ነው። ጠዋት ቀጥኖ ወይም ጨርሶ ቆሞ ከሰዓት በኋላ የሚስተካከል ድራፍት ብዙውን ጊዜ በረዶ ያለበት ነው። የቴርሞስታቱን ቁጥር ከማመን አንድ ብርጭቆ ውሃ ፍሪጁ ውስጥ አሳድሮ በቴርሞሜትር መለካት ይሻላል።

መቅጃውን በግማሽ ስለመክፈት ብዙ የሚባል የለም። በግማሽ የተከፈተ መቅጃ ቢራው በጠባብ ክፍተት እንዲሾልክ ስለሚያደርገው አረፋውን ያብሰዋል፤ መቅጃ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፣ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል።

የቀረው የጎሚስታው አየር ነው። ድግስ ላይ በእጅ የሚገፋ ፓምፕ የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ፤ በርሜሉ በዚያው ቀን ካለቀ ምንም አይደለም። ከዚያ ካለፈ ግን የአየሩ ኦክስጅን ቢራውን በማግስቱ ያስረጀዋል፤ ቢራው የያዘው ጋዝም ወደ አየሩ እየወጣ ስለሚያልቅ መጠጡ ሞቶ ያድራል። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ደግሞ ለጭነት መኪና ጎማ የሚሆን፣ ብዙውን ጊዜ 8 ባርና ከዚያ በላይ የሚይዝ፣ የዘይት ትነት ያለበት መሣሪያ ነው፤ ያለ ሬጉሌተር ከቢራ በርሜል ጋር ማገናኘት በርሜሉን ከተሠራበት ልክ በላይ መወጠር ነው። ጋዝ ያለቀበት ሰው ያን ያህል የሚያስቸኩለው ነገር የለም። ተዘግቶ በቅዝቃዜ ያለ በርሜል ሲሊንደሩ ተሞልቶ እስኪመለስ ድረስ ቢራውን አያበላሽም። የተሞላው ሲሊንደር ሲመጣ ቆሞ ግድግዳ ላይ ይታሠራል፤ ከተጋደመ ፈሳሹ ወደ ሬጉሌተሩ ይገባልና። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድና መስኮት የሌለውን ጓዳ ከወለሉ ጀምሮ ስለሚሞላ ማስቀመጫው አየር የሚገባበት ቦታ ይሁን። በሬጉሌተሩና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ዋሸር በየሙሌቱ መለወጥ ያለበት ትንሽ ቁራጭ ነው፤ አሮጌው ተመልሶ ከታሠረ የሳሙናው አረፋ ሲፈላ የሚታየው መጀመሪያ እዚያ ላይ ነው።